ሰርዶ የመሰለን ሣር

የባለቤቴ እናት ከሁሩታ መጥተው አዳማ እኛ ጋ የኖሩት በመጨረሻ ዘመናቸው ነበር። ሐኪማቸው እንዲራመዱ ስላዘዛቸው፣ ጠዋት ጠዋት ከዘራቸውን ተደግፈው ከበረንዳው እስከ አጥር በሩ በሣሩ ላይ ይመላለሱ ነበር። ባለቤቴ "አዮ" ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደ እሱው።

እሳቸው ባረፉ በዓመቱ፣ በግቢያችን ሰርዶ መሀል ወፈር ያለ ሣር በቀለ። ባለቤቴ ሰርዶው የጠነከረለት መስሎት ደስ አለው፤ ውሃም ያጠጣው ጀመር። እኔ ግን ተጠራጠርኩ። ችግሩ፣ ዛላ ሳያወጣ ቶሎ ቶሎ ስለሚያጭደው አይለይም።

"እስቲ ተወውና ያፍራ፤ ማንነቱን እንየው" አልኩት።

"ግቢው ጫካ ይሁን?"

"ለጥቂት ጊዜ ነው እኮ።"

እያጉረመረመ ማጭዱን ሰቀለው።

ዛላው ብቅ ሲል አንድ ቅዳሜ ሁለታችንም ቁጢጥ ብለን ሁለቱን ሣሮች ጎን ለጎን አየናቸው። ሰርዶው መሬት ለመሬት እየተሳበ በየአንጓው ሥር ይሰዳል፤ ዛላውም እንደ ወፍ እግር ቀጫጭን ነው። ያኛው ግን አይሳብም። ከአንድ ሥር ተነስቶ ዙሪያውን ተዘርግቷል፣ ከግርጌው ነጣና ጠፍጠፍ ይላል፤ ዛላው ደግሞ ወፍራም ነው።

"ዳጉሳ አይመስልም?" አለ ባለቤቴ ተገርሞ። "የዱር ዳጉሳ ሳጠጣ ነው የከረምኩት!"

ልነቅለው ብጎትት ቅጠሉ ተበጥሶ እጄ ላይ ቀረ። መሬቱ ሲሚንቶ ሆኗል። ቀና ስል ነው ያስተዋልኩት፤ ሣሩ እንዲሁ አልተበታተነም፣ ከበረንዳው እስከ አጥር በሩ ቀጥ ብሎ ሄዷል።

"የአዮ መንገድ ነው" አልኩ። "ሲመላለሱበት መሬቱ ጠጥሮ ሰርዶው ሥር መስደድ አቅቶታል። ይሄ ደግሞ የተረገጠ መሬት አይፈራም።"

ባለቤቴ መስመሩን በዓይኑ ተከተለ።

"እንተወው ይሆን?" አልኩት ቀስ ብዬ።

ዓይኑን ጠረገና ሳቀ። "አዮ አረም አይታ የምታልፍ ሴት መሰለችሽ? ብትኖር በከዘራዋ ነበር የምታባርረን።"

በማግስቱ መሬቱን በውሃ አርሰን፣ በዶማ እያላላን ከነሥሩ ነቀልነው፤ ፍግም ጨመርንበት። ክረምቱ ሲገባ ሰርዶው ከግራና ከቀኝ ተስቦ ቦታውን ሸፈነው። አሁንም አልፎ አልፎ አንዷ ብቅ ትላለች፤ ከሁለታችን ቀድሞ ያያት ይነቅላታል።