ቀን ያጣችው መርከብ

በሞዴል ሠሪዎች ማኅበራችን ውስጥ ሦስት ዓይነት ሰው አለ፦ የመርከብ ሰው፣ የእንፋሎት ሞተር ሰውና የአውሮፕላን ሰው። እኔ የአውሮፕላን ሰው ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ስለ መርከብ ሰዎች የምለውን ሁሉ ከነአድልዎው እንድትቀበሉት ነው። ሁላችንም ያረጀውን ነገር አሳንሰን እንሠራለን፤ በሽታችን አንድ ነው፤ የሚለያየው ምልክቱ ነው። የሞተር ሰዎች ዘይት ዘይት ይሸታሉ፤ ልብሳቸውን የሚያጥብላቸውን እግዜር ይርዳው፤ ተግባቢዎች ግን ናቸው። የእኛ አውሮፕላን አንዳንዴ ይበርራል፣ ወድቆ ይከሰከሳል፣ ጉዳዩ በዚያው ያልቃል። መርከብ ግን አያልቅም።

ከመርከብ ሰዎች ሁሉ የባሰበት ዴሬክ ነበር። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ መካኒክ ነው፤ ቁመቱ ረጅም፣ አፉ ቁጥብ፣ ኪሱ ሁልጊዜ ወረንጦ የማያጣ። የሚሠራት መርከብ «የሃምበር እመቤት» ትባላለች። በሃምበር ወንዛችን ላይ ድልድዩ ከመሠራቱ በፊት ሰውና ብስክሌት፣ አንዳንዴም በግ፣ ከእኛ ዳርቻ ወደ ማዶ ስታመላልስ የኖረች፣ በግራና በቀኟ የሚቀዝፉ ትልልቅ ጎማዎች የነበሯት አሮጊት የእንፋሎት መርከብ ነበረች። እውነተኛዋ ተቆራርጣ ቁርጥራጭ ብረት ከሆነች ቆይታለች። የዴሬኳ ርዝመቷ የምግብ ጠረጴዛ ያህላል። ይህን ሁላችንም የምናውቀው የምትሠራው የምግብ ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ ነው።

ጠረጴዛው የሚስቱ የማቪስ ነው፤ ከእናቷ የወረሰችው። መርከቧ ስትወጣበት «ለአንድ ክረምት ብቻ» ተብሎ ነበር። ያን ጊዜ ልጃቸው ተማሪ ነበረች፤ አሁን የልጃቸው ልጅ ተማሪ ናት። ማንሣት እንዳይቻል ደግሞ ዴሬክ የመርከቧን ማቆሚያ ከጠረጴዛው ጋር በብሎን አስሮታል፤ ሥራው ሳያልቅ ከተፈታ አካሏ ይጣመማል ይላል። ስለዚህ ባልና ሚስቱ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሳህናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ቴሌቪዥን እያዩ ይበላሉ።

«አንድ ነገር ልንገርህ ኬን» አለችኝ ማቪስ አንድ ቀን በራፏ ላይ አግኝታኝ። «የባሌን የግራ ጆሮ ከማንም ሴት በላይ አውቀዋለሁ። ፊቱን ግን አውቶቡስ ላይ አብሮኝ ከሚሳፈር ሰው እኩል ነው የማውቀው።»

ነገሩ እንዲገባችሁ የማኅበራችንን ሕግ ልናገር። እያንዳንዱ ሞዴል ፊት ለፊት ካርድ ይቀመጣል፤ ካርዱ ላይ ሞዴሉ የሚያሳየው የትኛውን ቀን እንደሆነ ይጻፋል። መርከብ እንደ ሰው ናት፤ ዛሬ ትኳኳላለች፣ ነገ ጥርሷ ይወልቃል። ስለዚህ ሠሪው ከዕድሜዋ አንድ ቀን መርጦ፣ በዚያ ቀን የነበረችውን ብቻ፣ ሳይጨምርና ሳይቀንስ መሥራት አለበት። ቀን የሌለው ሞዴል መጫወቻ ነው ይላሉ ሽማግሌዎቻችን፤ «መጫወቻ» ደግሞ እኛ ዘንድ ከስድብ ሁሉ የከፋው ነው።

ዴሬክ የመረጠው መርከቧ አዲስ ሆና ውኃ ላይ የወረደችበትን ቀን ነው። ያን ቀን ያየ ሰው በሕይወት የለም። ፎቶዎች ግን አሉ፤ ፎቶዎቹ ደግሞ አይስማሙም። አንዱ ላይ ጭስ ማውጫዋ ነጭ ቀበቶ አለው፤ ሌላው ላይ የለውም። ዴሬክ ቀበቶውን ቀባ፣ ፋቀ፣ መልሶ ቀባ። በመርከቧ ዳር ዳር ያሉትን የመደገፊያ ብረቶች አንድ ክረምት ሙሉ ሠርቶ፣ የከፍታቸው ልክ የኋላ ዘመን ነው ብሎ በሚቀጥለው ክረምት ነቀላቸው። ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። የዴሬክ እንቁላል ግን እግር ባበቀለ ቁጥር፣ ዴሬክ «ይህ እግር ለዚያ ዘመን ትክክል አይደለም» ብሎ ይቆርጠዋል።

ነገሩ የፈነዳው በሰኔ፣ የምንሰበሰብበት አሮጌ ጸሎት ቤት ውስጥ ነው። የኤግዚቢሽናችን ዋና ዳኛ ጎርደን ፔንሮዝ ስለ መልሕቅ ሰንሰለት ቀለም ገለጻ እያደረገ ነበር። ገለጻው ተጀምሮ እስኪያልቅ ሰው ሊያገባና ሊፈታ ይችላል። ማቪስ የዝናብ ካፖርቷን እንደለበሰች ገባችና መካከል ቆመች።

«ጎርደን፣ አንዴ ዝም በል» አለች። ጎርደን ዝም አለ፤ እኛ ያን ለማድረግ ስንት ዘመን ስንታገል ኖረናል። «ከተጋባን ሃምሳኛ ዓመታችን በመስከረም የመጀመሪያው እሑድ ነው። ልጄ ከእነቤተሰቧ ትመጣለች። የበሬ ሥጋ እጠብሳለሁ። የምናቀርበው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እናቴ ጠረጴዛ ላይ። የዚያን ቀን እዚያ ላይ መርከብ ካገኘሁ እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ። ልጠይቃት አይደለም የምሄደው፤ ልኖር ነው።»

«ማቪስ፣ ቤት እንነጋገር» አለ ዴሬክ አንገቱን ደፍቶ።

«ቤት የት? ሶፋው ላይ? ለጆሮህ ነው የምነግረው?»

ከሻይ ጠረጴዛው ላይ አንድ ብስኩት አንሥታ ወጣች። ማንም አልሳቀም። ግማሾቻችን ቤት የሚበላበት ጠረጴዛ የለም።

ዴሬክ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ሰው ሠራ። እኔም ማታ ማታ ሥራ ስፈታ እየሄድኩ፣ ያዝ ሲለኝ እየያዝኩ አገዝኩት፤ የአውሮፕላን ሰው መሆኔን እያስታወሰ እጄን ሁለት ጊዜ መታኝ።

«ትሄዳለች ኬን» አለኝ አንዴ፣ ከብረቱ ላይ ቀና ሳይል። «ማቪስ ያለችውን ታደርጋለች። ከሄደች ይህ ቤት ምን ይሆናል?»

«ጨርሳታ።»

«እጨርሳታለሁ።»

እውነትም ልታልቅ ተቃርባ ነበር። በዓሉ አንድ ሳምንት ሲቀረው ግን ጎርደን ፔንሮዝ «ላበረታታው» ብሎ መጣ። ጎርደን ከሚያበረታታ በሬ ቢረግጥ ይሻላል። አጉሊ መነጽሩን አውጥቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ አያት፣ ሻይ ጠጣ፣ እንደገና አያት።

«የጎማው መሸፈኛ ላይ ያለው መስኮት» አለ። «በዚያ ቀን ክብ ነበር ብለህ ታምናለህ?»

«ፎቶው ላይ ክብ ነው።»

«ያ ፎቶ የተነሣው ከወር በኋላ ነው። ከዚህ በቀር ግሩም ሥራ ነው» ብሎ ባርኔጣውን አድርጎ ሄደ። እስከ ደጅ የሸኘሁት እኔ ነኝ፤ ወንዙ ቅርብ ነበር፤ ወርውሬው ብመጣ ደስ ይለኝ ነበር።

ስመለስ ዴሬክ ቢላ ይዟል።

«አስቀምጠው» አልኩት።

«መስኮቱ ብቻ ነው።»

«መስኮቱ እንዲወጣ መሸፈኛው ይነሣል። መሸፈኛው ሲነሣ ጎማው ይነሣል። ከዚያስ?»

«ሁለት ወር» አለ በለሆሳስ።

«ሚስትህ ከሰጠችህ ጊዜ የቀረው አንድ ሳምንት ነው።»

«አውቃለሁ።» ቢላውን ግን አላስቀመጠም። በዚያች ቅጽበት ጠላሁት፤ አሳዘነኝም። ሚስቱን እንደሚወድ አውቃለሁ። ስሕተት እያየ ማለፍ ግን አይችልም፤ እንዲሁ ነው የተፈጠረው።

ማቪስ የጎርደንን ኩባያ ልታነሣ ገባች። ቢላውን አየች። ትጮኻለች ብዬ ወደ በሩ ጠጋ ጠጋ አልኩ። ማቪስ ግን አንዱ ወንበር ላይ የነበረውን ካርቶን አውርዳ ተቀመጠች።

«የምትሠራው የትኛውን ቀን ነው?» አለችው።

«ውኃ ላይ የወረደችበትን።»

«ነበርክ?»

«እንዴት እኖራለሁ? ያኔ አባቴም አልተወለደም።»

«አንተ ራስህ እላይዋ ላይ የነበርክበት ቀን የለም?»

ዴሬክ አሰበ። «ብዙ ጊዜ ተሳፍሬያለሁ። የትኛውን ነው የምትይው?»

ማቪስ ያየችው አስተያየት በመስኮት እንድወጣ የሚያሰኝ ነበር። «አሸዋው ላይ የተቀረቀርንበትን ነዋ፣ አንተ ድንጋይ።»

ታሪኩን መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። ውኃው ሸሽቶ መርከቧ መሐል ወንዝ አሸዋ ላይ ተቀመጠች፤ በዚያ ዘመን የተለመደ ነው። ማቪስ ወደቡ ላይ የከረመ የአሣ ጥብስ በልታ ነበር። ብረቱን ተደግፋ ስታስመልስ፣ ብስክሌት የያዘ ረጅም ወጣት ከኋላዋ መጥቶ፣ «እመቤት፣ ነፋሱ በዚህ በኩል ነው፤ በዚያኛው ወገን ቢሆን ይሻላል» አላት። ምክሩ የዘገየ ነበር፤ ሱሪው ቀድሞ ተበላሽቷል። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይላሉ፤ እነዚህ ሁለቱ ግን ከምን እንደተቀዱ አሁን ነገርኳችሁ።

«ያን ቀን አንደኛው የአየር ማስገቢያ ተሰብሮ ቀዳዳው ላይ ባልዲ ደፍተውበት ነበር» አለች ማቪስ። «ባልዲውን ልነቅለው ታግዬ እምቢ አለኝ። ለምን እንደፈለግኩት ታውቃለህ።»

ዴሬክ ቢላውን እንደያዘ ወደ እሷ ዞረ።

«ምን ዓይነት ቀለም ነበር ባልዲው?» አለ።

«ቀይ። እጀታ የለውም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ዴሬክ፣ በሕይወቴ ባልዲ እንደዚያ ፈልጌ አላውቅም።»

ዴሬክ ወደ መርከቧ ዞረ። «የመሸፈኛው መስኮትስ? ክብ ነበር ወይስ አራት ማዕዘን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ጣውላ ተመትቶበት ነበር።»

ቢላውን አስቀመጠ። ከሣጥን ውስጥ የጥርስ መፋቂያ የምታህል ጣውላ ፈልጎ፣ ሁለት ወር ልትፈጅበት የነበረችውን መስኮት በጣውላዋ ደፈናት። እኔ ባልኖር ኖሮ ያለቅስ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ወይም እኔ ነኝ ያለቀስኩት፤ ሙጫው ዓይን ያቃጥላል።

ያን ሳምንት በዚያ ቤት የሆነውን ያላየ አያምንም። ዴሬክ ሲወለውላት የኖረውን መርከብ በገዛ እጁ አቆሸሻት። ከብሎኖቿ ሥር ዝገት አወረደ፣ ቀለሟን ላጠ፣ አንዱን አግዳሚ ወንበር ሰበረ። ማቪስ አጠገቡ ቆማ፣ «ዝገቱ አነሰ፤ እኔ የያዝኩት ብረት እጄን ቡናማ አድርጎታል» እያለች ታዝዛለች። ስንት ዓመት አቧራ እንድትጠርግላት እንኳ ያልተፈቀደላት ሴት።

ቅዳሜ ኤግዚቢሽናችን ነበር። ዴሬክ ብሎኖቹን ፈታ፤ አራት ሆነን መርከቧን ወደ ጸሎት ቤቱ ተሸከምናት። ጠረጴዛው ላይ የቀሩትን ቀዳዳዎች ዴሬክ፣ ማቪስ ሳታያቸው በእንጨት ደፍኖ ቀለም አመሳሰለባቸው። ማስረጃ እንዳይገኝ ብሎ የሠራው ብቸኛ ሥራው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ጎርደን መጣ። ካርዱን አነበበ፤ ቀኑ የተጻፈው በማቪስ እጅ ነው። አጉሊ መነጽሩን ከጀርባ ወደ ፊት እየነዳ መደገፊያው ብረት ላይ ካጎነበሰች ትንሽ የሴት ምስል ዘንድ ሲደርስ ቆመ።

«ይህቺ ማን ናት?»

«ባለቤቴ» አለ ዴሬክ።

«ምን እያደረገች ነው?»

«እያስመለሰች።»

ጎርደን ጠጋ ብሎ አየ። «ከነ...?»

«መጠኑን ጠብቄ ነው የሠራሁት።»

«ማስረጃ አለህ?»

ማቪስ ከሻይ ማፍያው ጀርባ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ሱሪው ቁም ሣጥን ውስጥ አለ። እስካሁን አለቀቀም። ላምጣልህ?»

ጎርደን አንደኛ ያወጣው ሰው የሌለባትን የጭነት ጀልባ ነው። ዴሬክ «ምንም አልመሰለኝ» አለ፤ ፊቱ ግን እስከ ጆሮው ቀልቶ ነበር። መርከቧ እዚያው አዳራሹ ውስጥ፣ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ቀረች።

በማግስቱ እሑድ እኔና ባለቤቴም ተጠርተን ነበር። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ተነጥፏል፤ ሥጋው፣ ድንቹ፣ መረቁ ቀርቧል። ዴሬክ በአንዱ ራስ፣ ማቪስ በሌላው ራስ ተቀመጡ። ልጃቸው አንድ ነገር ልትናገር ብርጭቆዋን አነሣች፤ ማቪስ ግን የድንቹን ሳህን እንደያዘች ባሏን ትክ ብላ ታየዋለች።

«አርጅተሃል» አለችው።

«እ?»

«ፊትህ። መቼ ነው እንዲህ የሆነው?»

ሁላችንም ሳቅን። ዴሬክ አልሳቀም። ሰውየውን አውቀዋለሁ፤ ቀን ሲጠየቅ ቀልድ አያውቅም። ሹካውን አስቀምጦ የምሩን አሰበ፤ ክረምቱን ሁሉ፣ ቀበቶውን፣ የመደገፊያ ብረቶቹን ሲቆጥር ይታየኝ ነበር። ከዚያ እሱም ቀና ብሎ እሷን አያት፤ ቆይቶ አያት።

«ቀኑን አላውቀውም» አለ። «የአንቺንም አላውቀውም።»

ማቪስ ድንቹን አቀበለችው።