ጨው የተባለው ብልሽት

ምዋናቴ ናይሮቢ ሄዳ የመዛግብት አያያዝ ተምራ ወደ ላሙ ደሴት ስትመለስ ሰው ሁሉ መንግሥት ቤት ትገባለች ብሎ ጠብቆ ነበር። እሷ ግን ከአባቷ ጋር ሆና የቤታቸውን ምድር ቤት አጸዳች፤ ጠረጴዛ፣ ኮምፒውተርና አንድ ስካነር አስገባች። ከዚያም በየደሴቱ ያሉ ቤተሰቦች በየሣጥናቸው ያኖሯቸውን የእጅ ጽሑፎች እያመጡ እንዲያስገለብጡ ለመነች። መጡ። ወረቀታቸውን ትተው ግን አይሄዱም። የአያት ጽሑፍ ሰው ቤት አያድርም። ባለቤቱ አጠገቧ ተቀምጦ ገጽ በገጽ ሲገለበጥ ያይና በመጣበት ጀልባ ይዞት ይመለሳል። ስለዚህ ስካነሩ የቆመ ቀን ጽሑፉም ሄደ ማለት ነው።

ስካነሩ ደግሞ መቆም ያበዛው አባቷ ካረፉ ወዲህ ነበር። ይበራል፤ ከመስታወቱ ሥር ያለው፣ መብራቱን የተሸከመው ዘንግ ግን ባለበት ያጓራል እንጂ አይንቀሳቀስም። ምዋናቴ ሥርዓቱን ታውቃለች። ገመዱን ነቅላ ትሰካለች፤ ሌላ ገመድ ትሞክራለች፤ ኮምፒውተሩን አጥፍታ ታበራለች፤ ፕሮግራሙን አውጥታ እንደገና ትጭናለች። ሁሉም አልሆን ሲላት ለፉንዲ ላሊ ትደውላለች።

ፉንዲ ማለት ጠጋኝ ነው፤ ላሊ ከሬዲዮ እስከ ጀልባ ሞተር የሚጠግኑ ሽማግሌ፣ የአባቷም የዕድሜ ልክ ጓደኛ ነበሩ። የአባቷን አስከሬን ካጠቡት አንዱ እሳቸው ናቸው።

«ጨው ነው ልጄ» ይላሉ ገና ከበሩ። «የባሕር ጨው ብረት ይበላል፣ ሰውም ይበላል። እስቲ ሻይ አፍዪልኝ፤ ዝንጅብሉን እንዳትሰስቺ።»

ሻዩን ይዛ ስትመለስ ስካነሩ ይሠራል።

«ምን አደረጉት አጎቴ?»

«አባበልኩት።»

ከዚያ ስለ አባቷ ያወራሉ፤ ባኦ የሚባለውን ገበጣ ሲጫወቱ ጠጠር እንዴት እንደሚሰርቁ፣ ሲሸነፉም እንዴት እንደሚያኮርፉ። ምዋናቴ ትስቃለች፤ አንዳንዴም ታለቅሳለች። ሲሄዱ አንድ ዕቃ ይረሳሉ፤ ወይ ብሎን መፍቻ፣ ወይ መነጽር። በማግስቱ ሊወስዱት ብቅ ይላሉ።

«የሰውዬሽ ጭንቅላት ያፈሳል» ትላለች ጎረቤቷ። «እሱን ማን ይጠግንላቸው?»

ቢ ቲማ የሚባሉት ሴት ሲዩ ከምትባል መንደር በጀልባ የመጡት ባሕሩ በሚቆጣበት ወቅት ነው። በጨርቅ ጠቅልለው ያመጡት አያታቸው ለሙሽሮች ምክር ብለው የገጠሟቸውን ስንኞች ነበር፤ በአያቲቱ በራሳቸው እጅ፣ በጥላሸትና በሙጫ ቀለም የተጻፉ። ሌላ ቅጂ የላቸውም። ምዋናቴ የመጀመሪያውን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበበችና መስታወቱ ላይ አጋደመችው። ዘንጉ አጓራ። አልተንቀሳቀሰም።

ፉንዲ ላሊ ልጃቸውን ሊጠይቁ ሞምባሳ ሄደዋል። ደወለችላቸው።

«እንዳትነኪው! ሳልመጣ እንዳትፈቺው። ቅዳሜ እደርሳለሁ።»

«አጎቴ፣ ባለቤቲቱ እኮ ዛሬ ነው የሚመለሱት። ሌላ ቅጂ የለም።»

«ጨው ነው» አሉ። «ምን ይደረጋል።»

ምዋናቴ ወደ ቢ ቲማ ዞረች። «በስልክ ላንሳው?»

«በስልክ!» ቢ ቲማ ወረቀታቸውን ሰበሰቡ። «ይሄ የሙሽራ ጓዳ ምክር ነው። ነገ ጀልባ ነጂው ሁሉ እያነበበ ሊስቅ? ማሽንሽ ሲድን እመጣለሁ።»

በመመለሻቸው ማዕበል ጀልባዋን ሞላት። ሰው ተረፈ። ቀለሙ ታጠበ።

ወሬው በደረሳት ዕለት ምዋናቴ ስካነሩን አውጥታ ልትጥለው አቅፋ አነሳችው። ጣቷ ከሥሩ አንድ ነገር ነካ። ገለበጠችው። ትንሽ የፕላስቲክ መቀርቀሪያ ናት፤ አጠገቧ አንድ የተዘጋ፣ አንድ የተከፈተ ቁልፍ ተስሏል። ማሽኑ ሲጓጓዝ ዘንጉ እንዳይሰበር የምትይዘው እሷ ናት፤ በእጅ ካልገፏት ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም። ዙሪያዋ አቧራ ለብሷል፤ እሷ ግን ጣት የለመደች ናትና ታበራለች። ምዋናቴ ገፋቻት፤ ስካነሩንም ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። ዘንጉ ከዳር እስከ ዳር ለስልሶ ሄደ።

ቅዳሜ ፉንዲ ላሊ መጡ። ምዋናቴ ገልብጣ ያስቀመጠችውን ስካነር ሲያዩ ሻይ አልጠየቁም።

«የረሱትን ዕቃ ሊወስዱ ሲመጡ ሁልጊዜ የሚዘጓት እርስዎ ነበሩ?»

«ልጄ...»

«ጨው አሉኝ። እኔም ለሰው ሁሉ ጨው ነው እያልኩ ኖርኩ።»

ሽማግሌው ቆባቸውን አውልቀው ያዙ። «አባትሽ እያለ በፈለግኩት ሰዓት እገባ ነበር። እሱ ከሄደ ወዲያ፣ ባል የሌላት ሴት ብቻዋን ካለችበት ቤት ምን ብዬ ልግባ? ሰፈሩ ምን ይለኛል? ሥራ ሲኖር ግን ፉንዲ ነኝ፤ ማንም አይናገረኝም። ለአንድ ብርጭቆ ሻይ ነበር። አባትሽን የማነሳው ከአንቺ ጋር ብቻ ነው።»

«የአባቴን ስም በውሸት ሲያነሱ ከረሙ።»

«ሴትዮዋ እንደሚመጡ በምን አውቄ?»

«በስልክ ነገርኩዎት እኮ! አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። ገልብጪው ቢሉኝ ምን ነበረበት?»

«አፈርኩ» አሉ ቀስ ብለው።

«ይሂዱ ፉንዲ» አለቻቸው። ዕድሜዋን ሁሉ «አጎቴ» ነበር የምትላቸው።

ቢ ቲማ ባሕሩ ሲረጋ ተመልሰው መጡ። ምዋናቴ ሳትደብቅ ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ባሕሩን ስረግም ከረምኩ» አሉ። «ለካ አድራሻ ተሳስቼ ነው። አንቺስ? ይህን ያህል ተምረሽ፣ የገዛ ዕቃሽን ገልብጠሽ አይተሽ አታውቂም?»

«የማምነው ሰው ነበረኝ።»

«እኔም ነበረኝ» አሉ ቢ ቲማ፣ ዓይናቸውን ከእሷ ሳያነሱ።

ምዋናቴ የታጠቡትን ገጾች እየተቀበለች አንድ በአንድ ገለበጠች። ስክሪኑ ላይ የወጣው ግራጫ ጥላ ብቻ ነው። ቢ ቲማ ግን «ጻፊ» አሉና ከልጅነታቸው የቀራቸውን በቃል ይሉላት ጀመር። መሃል ላይ አንድ ስንኝ ጠፋባቸው። ቤት መምቻው ግልጽ ነበር፤ ምዋናቴ ልትሞላው ትችል ነበር። ባዶ ተወችው።

ከውጭ የለመደችው የሽማግሌ ድምፅ «ሆዲ!» አለ። ጠበቀ። እንደገና «ሆዲ!» አለ፤ «ሆዲ» ብሎ ፈቃድ የጠየቀ እንግዳ «ካሪቡ፣ ግባ» ካልተባለ እግሩን አያስገባም።

«አንቺን ነው» አሉ ቢ ቲማ።

ምዋናቴ እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ ላይ አላነሳችም።

«ይቀጥሉ» አለች። «እየጻፍኩ ነው።»