ሂና የተቀቡ ሽማግሎች በክሬጊበርን

የሙሽራው እናት ራሷ ከሽማግሌ ጋር ስትሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሄጃለሁ! ወሎ ቢሆን ኖሮ እናቴ ጆሮዬን ይዛ ከመንገድ ትመልሰኝ ነበር። እዚህ ሜልበርን ግን ምን ይደረግ? ሦስቱ ሽማግሎች እንግሊዝኛ አይናገሩ፣ መኪና አይነዱ። ልጄ ደግሞ ለራሱ ሽማግሌ ሆኖ አይሄድ ነገር። ቀረሁ እኔ። «እኛ ያልነውን ብቻ ትተረጉሚያለሽ፤ ከራስሽ አንዲት ቃል እንዳትጨምሪ» ብለው አስማሉኝ። ጠባዬን ስለሚያውቁት ነው። ወላሂ አልጨምርም አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ የወደዳት ልጅ የዚሁ አገር ሰው ናት፤ ፀጉሯ ቀይ ነው። ቀይ ስላችሁ ቀለም የተቀባ እንዳይመስላችሁ፤ አላህ የሰጣት ነው፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ካሮት የሚመስል። ፊቷ ላይ ደግሞ ቀይ ጤፍ የተነሰነሰ የሚመስል ነጠብጣብ አላት። ገና ቤቴ የገባች ቀን ነው የወደድኳት። ቀልዱን ሳትጨርስ ቀድማ የምትስቅ ልጅ ናት፤ እንዲህ ያለ ሰው ክፋት የለውም። የሃይማኖቱን ነገር እሷና ልጄ ተነጋግረው ጨርሰውታል። የሰው አፍ ግን መቼ ያልቃል! ፉትስክሬይ ሰፈር ያበሻ ሱቅ በርበሬ ልገዛ ገብቼ አንዷ ያገሬ ሰው፣ «ልጅሽ ፀጉረ ልውጥ አመጣልሽ አሉ። ቀይ ፀጉር ያላት ሴት ቁጡ ናት ይባላል፣ ተጠንቀቂ» አትለኝ መሰላችሁ! «ቁጡ አይተሽ አታውቂም ማለት ነው። ያንቺ ልጅ ራሰ በራ ሆኖ እንኳ እኛ ምን አልን?» አልኳት። በርበሬውን ሳልገዛ ወጣሁ።

ልጅቷ ያጫወተችኝ ደግሞ ጉድ ነው። ትምህርት ቤት «ራንጋ» ይሏት ነበር። ምን ማለት ነው ብላት ኦራንጉታን የሚባል ቀይ ፀጉራም ዝንጀሮ አለ፤ ከሱ ስም ቆርጠው ያወጡት ስድብ ነው አለችኝ። «ቀይ ፀጉር ያለው ሰው ነፍስ የለውም» እያሉም ደረቷን በጣታቸው እየነካኩ ይስቁባት ነበር። ያ ረቢ! እኔ እዚህ አገር በመልኩ የሚሰደብ እኛ ብቻ የሆንን ይመስለኝ ነበር። ነጭ ነጭን በፀጉሩ ይሰድባል እንዴ?

የራሷን እየሳቀች ነው የምታወራው። የአባቷን ስታወራ ግን አትስቅም። አባቷም ባለ ቀይ ፀጉር ነው፤ እናቷ በልጅነቷ ሞታ ብቻውን ነው ያሳደጋት። ድሮ ሰንሻይን ሰፈር ፋብሪካ ሲሠራ፣ በልደቱ ቀን የሥራ ጓደኞቹ ሁሉ ብርቱካንማ ዊግና ብርቱካንማ ጢም አድርገው በሩ ላይ ተሰልፈው ጠበቁት። ሳቁ፣ ፎቶ አነሱት። እሱም አብሯቸው ሳቀ። ቤቱ ሲደርስ ግን ከመኪናው ሳይወርድ እስኪመሽ ቁጭ ብሎ ቀረ። እሷ በመስኮት ታየው ነበር።

እንግዲህ ጋብቻውን እምቢ ያለው ይኼ አባት ነው። ጥቁሮች ናቸው ብሎ አይደለም፣ ሙስሊሞች ናቸው ብሎም አይደለም። «ሰው መሃል ገብቶ መሳቂያ መሆን ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። እዚያ ሁሉ ሰው መሃል ባለ ቀይ ፀጉሯ አንቺ ብቻ ነሽ የምትሆኚው» አላት። እሷ ደግሞ አባቴ ሳይፈቅድ አላገባም አለች። ልጄ ሄዶ ለመነው፣ አልሆነም። ቤት ተመልሶ ምግብ አልበላም አለ፤ ከሳ፣ ጠቆረ። እኔ ደግሞ ልጄ ፊት ለፊቴ ሲከሳ ዝም ብዬ አላይም። «ሽማግሌ ይላክ!» አልኩ። ልጅቷም ለአባቷ እሁድ ቀን የልጁ ዘመዶች ሊጠይቁህ ይመጣሉ ብላ ነገረችው።

እሁድ ጠዋት ሺፍቴን ካንስል አድርጌ ሽማግሎቹን ከፉትስክሬይ ጫንኳቸው። ነጭ ጀለቢያ፣ ነጭ ኮፍያ፤ ጢማቸው ደግሞ ማሻአላህ! ለትልቅ ጉዳይ ነው የምንሄደው ብለው ሦስቱም ሂና ተቀብተው አድረዋል። ወሎ ውስጥ ሽማግሌ ለኢድ፣ ለኒካህ፣ ለክብር ቀን ነጭ ጢሙን በሂና ያቀላል። ሱናም ነው፣ ጌጥም ነው። ከልጅነቴ ዓይኔ የለመደው ነገር ስለሆነ «አምሮባችኋል» ብዬ ሞተር አስነሳሁ። ትንሽ እንኳ ጥርጥር ይግባኝ? አልገባኝም! ሪንግ ሮዱ ላይ ትልቁ ሼኽ ጢማቸውን በመስታወት እያዩ «ትንሽ በዛ እንዴ?» ሲሉኝ እንኳ «ኧረ ልክ ነው ሼኽዬ» አልኳቸው። ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር፤ ስፒድ ካሜራ እንዳያነሳኝ እግሬን እየተቆጣሁ ነው የነዳሁት።

ክሬጊበርን የአባቷ ቤት ደርሰን ደወሉን ተጫንኩ። አባትየው ከፈተ። ፀጉሩ ሸበት ብሏል፣ ጆሮው አካባቢ ግን ቀዩ አሁንም አለ። እኔን ሲያይ ፈገግ ሊል ነበር። ከዚያ ከኋላዬ የተሰለፉትን ሦስት ብርቱካንማ ጢሞች አየ።

ፊቱ ባንዴ ደም መሰለ። «ማነው የላካችሁ?» አለ፤ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። «የፋብሪካው ሰዎች ናቸው? ቤቴ ድረስ?» በሩን ድርግም አድርጎ ዘጋብን።

ያን ጊዜ ገባኝ። ወይኔ ጉዴ! ዊጉ፣ ጢሙ፣ ልደቱ፣ ሁሉም ባንዴ ጭንቅላቴ ላይ ወደቀ። በልጁ ጉዳይ የምንለምነውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄደን ቁስሉን ነካነው። ምን ብዬ ልንገራቸው ብዬ ወደ ሽማግሎቹ ዞር ስል የትልቁ ሼኽ ፊት በርቷል።

«አልሐምዱሊላህ፣ ጥሩ ቤት ነው» አሉ።

«በር እየተዘጋብን ምኑ ነው ጥሩ?»

«በመጀመሪያው ቀን በር ያልዘጋ አባት ልጁን አይወድም። የኔን ሽማግሎች አማቼ ውሻ ነበር የለቀቀባቸው። አብሽሪ፣ ዝም ብለሽ ቁሚ።»

ሌሎቹ ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሦስቱም እጃቸውን አጣምረው፣ እንደ ልማዱ፣ በሩ ላይ ተተከሉ። ውሻ የሚያናፍሰው ሁሉ ቀና ብሎ እያየን ያልፋል። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ከውስጥ የልጅቷ ድምፅ ይሰማል፣ አባትየው ይመልሳል። መጋረጃው ገለጥ አለና ተዘጋ፤ ደግሞ ገለጥ አለ። አልሄድንም። በመጨረሻ በሩ ግማሽ ተከፈተ።

«ለምንድነው የማይሄዱት?» አለኝ።

መሐላዬን ረሳሁት። «የማይሄዱት ልጅህን ሊለምኑህ ስለመጡ ነዋ! በኛ አገር ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፣ ውሃ እንኳ አይቀምስም። ደግሞ ማንም አልቀለደብህም! ይኼ ጢም የክብር ቀን ጌጣቸው ነው። አንተ ቤት ስለሚመጡ ነው የተቀቡት። ንጉሥ ቤት ቢሄዱ ከዚህ በላይ የሚጨምሩት የላቸውም!» እየጮህኩ ነበር መሰለኝ፣ የጎረቤት መስኮት ተከፈተ።

ትልቁ ሼኽ ክንዴን ያዙኝ። «ያን ሁሉ እኛ ነን ያልነው?»

መዋሸት አቃተኝ። የዊጉን ነገር፣ መኪና ውስጥ ተቀምጦ መምሸቱን፣ አሁን ለምን በሩን እንደዘጋ እያቻኮልኩ በአማርኛ ነገርኳቸው። ሲሰሙ ያ የፊታቸው ብርሃን ጠፋ። ወደ አባትየው ጠጋ ብለው ጢማቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ወደ ፊት አወጡት። «ይንካው በይው» አሉኝ።

ሰውየው እኔን አየ፣ እሳቸውን አየ። ከዚያ በሁለት ጣቱ ያዝ አደረገና ጣቱን አሸተተ። «ሣር ሣር ይሸታል» አለ።

«ቅጠል ነው» አልኩት። እሱም ትንሽ ሳቅ አለ። እኔ አለቀልን ብዬ እልል ልል ስል እጁን አነሳ።

«አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ልጅ ወልደው ፀጉሩ ቀይ ሆኖ ቢወጣስ? እኔ ላይ የሳቁብኝ የገዛ ሰዎቼ ናቸው። እሱ ላይ ግን የሁለት አገር ሰው ነው የሚስቅበት።»

ያቺ በርበሬ ቤት ያገኘኋት ሴት ፊቴ ላይ ድቅን አለች። የኛ ሰው አይስቅም ብዬ ልማልለት? እንዴት ብዬ! ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳልጨምር፣ ምንም ሳልቀንስ ተረጎምኩ።

ትልቁ ሼኽ ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልወሰዱም። «እኛ ይኼን ቀለም የምንቀባው አርጅተን ነው። ያውም ይለቃል፤ እንደገና እንቀባለን፣ እንደገና ይለቃል። እሱ ከአላህ ዘንድ ተቀብቶ ከመጣ ተነስቼ ቦታዬን እለቅለታለሁ በይው። የሳቀበት ካለ ደግሞ መጀመሪያ በኔ ጢም ላይ ይሳቅ፤ እኔ ከልጁ ጎን ነው የምቀመጠው።»

ጀመርኩ፤ መሃል ላይ እንባዬን በነጠላዬ ጠረግኩ። እንደምንም ጨረስኩት።

«ድገሚልኝ» አለ።

ደገምኩለት። የበሩን መቃን ጭብጥ አድርጎ ይዞ ቆመ፣ ዓይኑ ቀልቷል። ከዚያ ከኛ ዞሮ ኮሪደሩ ላይ ወደቆመችው ልጁ አየ።

«ሰማሽው?» አላት።

«ሰማሁ አባዬ» አለች። ሁለቱም እያለቀሱ ነበር።

ወደኔ ዞሮ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። «እሺ ብያለሁ በያቸው» አለኝ። አማርኛውም እንግሊዝኛውም ጠፋኝ፤ እዚያው በሩ ላይ እልልታዬን አቀለጥኩት።