ወንድም ጋሼ ቤንዚን ሲስብ

ታላቅ ወንድሜ ካረፈ አርባ ቀኑ ነው። ለቅሶ የመጣው ሁሉ ደግነቱን አወራ። እኔ የሚታየኝ ግን የቤንዚን ቱቦ በአፉ ስቦ ሲተፋ ነው። በጣም እጸየፈው ነበር። ከጊምቢቹ ሆሳዕና ሰው የሚያመላልስባት አሮጌ መኪና ቀጥ ባለች ቁጥር ሌላው "ካርቡሬተሯ ነው" ይላል። እሱ ደግሞ "መጀመሪያ ነዳጅ ይደርሳት እንደሆነ እንይ፤ ያልበላ ሰው ለምን አልሠራህም አይባልም" ይልና ቱቦውን ይስባል።

አንድ ቀን ምጥ የያዛትን ልጄን በዚያችው መኪና ከሌሎች ተሳፋሪዎች ጋር ወደ ሆስፒታል ይዘናት ስንነሳ የቤንዚኑ ሽታ አጥወለወለኝ። ነዳጅ የሚጠራቀምበት ሰልባቲዮ ክዳኑ ጠፍቶ አፉ በጨርቅ ነበር የሚደፈነው። ሳልነግረው በላዩ ፌስታል ጠቅልዬ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩበት።

ዳገቱ ላይ መኪናዋ ጠፋች። ልጄ ትጮኻለች። ወንድሜ ቱቦውን ሳበና ተፋ።

"ነዳጁ ይመጣና ይቆማል። ሰልባቲዮው አየር አጥቷል" አለ። ፌስታሉን ሲፈታው ሰልባቲዮው እስስ ብሎ አየር ሳበ።

"ማነው ያፈነው?"

ወደ ልጄ ዞሬ ላቧን መጥረግ ጀመርኩ።

"አንተ ሹፌር! መኪናህን ሳታይ ነው እንዴ የምትነሳው?" ብለው ተሳፋሪዎቹ ጮኹበት።

አንዴ አየኝና "ጥፋቱ የእኔ ነው" አላቸው።

መኪናዋ ተነስታ ሆስፒታል ደረስን፤ ልጄ በሰላም ተገላገለች። እሱ መጉመጥመጫ ውሃ ሲለምነኝ፣ ኩባያዬ እንዳይሸት ብዬ በመዳፉ አፈሰስኩለት።

አሁን መኪናዋ ደጁ ላይ ቆማለች። ልጆቹ ካርቡሬተር ሁለት ጊዜ ቀይረውላት አልነሳ ብላለች፤ ቱቦውን የነካ ሰው የለም።

ወንድም ጋሼ፣ ያን ቀን "እኔ ነኝ" ማለት አቅቶኝ አንተን አሰደብኩህ። ሳስበው ራሴን እጸየፋለሁ።