ታሪኳ የማይታወቅ መኪና

ከጎንደር በወጣሁበት ማለዳ ሻንጣዬን የተሸከመው ባሌ ነው። ታናሽ እህቴ ብርቄ የያዘችልኝ የወረቀት ማኅደሬን ነበር። በነጠላዋ ጠቅልላ፣ እንደ አራስ ልጅ ደረቷ ላይ አድርጋ፣ አውቶቡሱ ድረስ ሸኘችኝ። በሩ ላይ ስታስረክበኝ፣ «ያንቺስ ሞላ፤ የኔን ደግሞ እዚያ ሆነሽ ግፊልኝ» አለችኝ። እኔ ወደ አይሁድ አገር ለመግባት በባሌ ወገን አልፌ ነበር። የእሷ ፋይል የቀረበው በእናታችን ወገን ስለነበር ለብቻው ታይቶ ተዘጋ። ምክንያቱ በአንድ መስመር ተጽፏል፦ «የአመልካችና የምስክር ቃል አይጣጣምም።» ምስክሯ እኔ ነበርኩ።

ይህን የምጽፈው እዚያ ተራ ለምትጠብቁና እዚህ ደርሳችሁም ከወረቀት ላልተላቀቃችሁ ነው። ነገሩ ስለ መኪና ነው፤ ታገሱኝ።

አሽቀሎን ላይ ተቀጥሬ ሁለት አሮጊቶች እጦራለሁ፤ አንዷ አፍሪዳር ሰፈር፣ ባሕሩ አጠገብ፣ ሌላዋ ከባቡር ጣቢያው ወዲያ። ከአንዷ ወደ ሌላዋ ለመድረስ ማዕከላዊ ጣቢያ ወርጄ አውቶቡስ መቀየር ነበረብኝ። አየሩ ጨው ጨው ይላል፤ የታጠበ ልብስ እንኳ እንደ ጎንደር ክው ብሎ አይደርቅም። ጎረቤት ሊፍት ውስጥ ሲያገኝሽ «ማ ኒሽማ»፣ እንዴት ነሽ፣ ይልሻል፤ ደህና መሆን አለመሆንሽን ሳትነግሪው በሩ ተከፍቶ ሄዷል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ስድስት ዓመት ቆየሁና መኪና ገዛሁ።

እዚህ አገር መኪና ባለቤት በቀየረ ቁጥር በእጅ ይቆጠራል። የኔዋ አራተኛ እጅ ናት። የሸጠልኝን ሰውዬ ዘይቷ መቼ እንደተቀየረ ጠየቅኩት።

«ከኔ በፊት የነበረውን ጠይቂ» አለኝ።

«እሱስ ምን አለህ?»

«እሱም ይህንኑ ነው ያለኝ።»

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ስድስት ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት ነው። ከዚያ ወዲህ ያልተጻፈ ነገር አላምንም። ስለዚህ ገና ሳልነዳት መሳቢያዋ ውስጥ ያገኘሁትን መጽሐፏን በእርሳስ እያሰመርኩ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። በመጨረሻው ገጽ ጋራዦች ማኅተም የሚያሳርፉባቸው አራት ማዕዘን ሳጥኖች አሉ። ሁሉም ባዶ ናቸው።

ለመጀመሪያው ሰርቪስ ጋሼ መኮንን ዘንድ ወሰድኳት። እሱ በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ፣ አይሁዶቻችንን በጅምላ ባመጣው አውሮፕላን ገና በጉርምስናው የመጣ የኛው አገር ሰው ነው፤ የራሱ ጋራዥ አለው። ኮፈኑን ከፈተ፤ ከዚያ ፎርም አውጥቶ እስክሪብቶ ያዘ።

«ዘይቱ መቼ ተቀየረ?»

«ከፋሲካ በፊት።»

«ቺንጋውስ? ይኸ ሞተሩን ከውስጥ የሚያዞረው፣ ታይሚንጉ?»

«ሁለት ዓመት ሆነው። በጥቅምት።»

«የት?»

«አሽዶድ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

አሽዶድ ረግጬ አላውቅም።

ጎንደር ተራ የጠበቀ ይህን ያውቀዋል። ከቃለ መጠይቅ የወጣውን ሰው ከበን ምን እንደጠየቁት እንሰማ ነበር፤ ትምህርቱም አንድ ነው፦ «አላውቅም» አትበል፣ አላውቅም ያለ ሰው ፋይሉ ይተኛል። ዓመቱን፣ ወሩን፣ የአያት መቃብር ያለበትን እንደ ዳዊት ደገምነው። ዛሬም እስክሪብቶ የያዘ ሰው ቀን ሲጠይቀኝ ምላሴ ይቀድመኛል።

ጋሼ መኮንን ምንም አልጻፈም። እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ሰክቶ የሞተሩን የጎን ክዳን ፈታ፤ ቺንጋውን በጣቱ ገልበጥ አደረገው። እንደ በጋ ተረከዝ ተሰነጣጥቋል።

«ነይ እስቲ፣ እህቴ። ይቺ የጥቅምት ናት?»

አንገቴን ዘርግቼ አየሁት።

«የጥቅምትስ ትሁን፤ የየትኛው መንግሥት ጥቅምት?»

«ይቅርታ፣ ጋሼ።»

«ይቅርታውን ለሞተሩ ንገሪው። አምኜሽ ዘይት ብቻ ቀይሬ ብሰድሽ አንድ ቀን መንገድ ላይ ብጥስ ይልና ሞተርሽን ይዞት ይሄዳል። አላውቅም ብትይ ምን ነበረበት? ታሪኳ የማይታወቅ መኪና ምን አላት፣ ምንም እንዳልተሠራላት ቆጥሬ ከሀ እጀምራለሁ። ዘይት፣ ፊልትሮ፣ የፍሬን ዘይት፣ ቺንጋ። እኔን የሚያጠፋኝ የውሸት ቀን ነው።»

«እናንተ ምን አለባችሁ» አልኩት፤ አመለጠኝ። «አውሮፕላን ስትገቡ ማን ጠየቃችሁ?»

መፍቻውን እንደያዘ ቀና አለ። «ማንም። ግንባራችን ላይ ቁጥር ለጠፉ፣ ገባን። ጥያቄው የመጣው ከወረድን በኋላ ነው» አለና ተመልሶ አጎነበሰ።

ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ ነው የገባኝ። ከዓመቱ ወር ሁሉ ለምን ጥቅምት አልኩ?

ጠያቂው ያኔ ለብርቄ ስመሰክር፣ «ከገጠር ወደ ጎንደር የገባችሁት በየትኛው ወር ነው?» ብሎኝ ነበር። እኔም «ጥቅምት» አልኩ። በዚያ ሰሞን ሽማግሌዎች መንገድ የሚከፈተው በጥቅምት ነው፣ እንዲያ በሉ ብለው አስጠንተውን ነበር። ብርቄ ያኔ ወልዳ አራስ ቤት ስለነበረች አላጠናችም። እሷም ተጠየቀች፤ «ልጅ ነበርኩ፣ ወሩን አላውቅም። ወንዙ ግን ሞልቶ አህያችን አልሻገርም ብላ ነበር» አለች።

አህያዋን እኔም አስታውሳለሁ። ከኋላ የገፋኋት እኔ ነኝ፤ ውሃው እስከ ወገቤ ነበር። በጥቅምት ያ ወንዝ ቁርጭምጭሚት አይደርስም።

እውነቱን የተናገረችው እሷ ናት፤ የተዘጋው ግን የእሷ ፋይል ነው። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ዓመት፣ አላውቅም ብለሽ በገዛ አፍሽ አበላሸሽው እያልኩ በስልክ ስወቅሳት፣ ይግባኙ ሲሰማ «ጥቅምት» እንድትል ሳስጠናት ኖርኩ። ይግባኙ ማክሰኞ ሊሰማ ነው። ለምስክርነት እኔንም ከዚህ ጠርተውኛል።

ጋሼ መኮንን መጽሐፏን ተቀብሎ የመጀመሪያው አራት ማዕዘን ላይ ቀኑን ጻፈ፣ ማኅተሙን አሳረፈ። «ከዛሬ በፊት ያለውን ለጠየቀሽ ሁሉ አላውቅም በይ» አለኝ።

ቤት እንደገባሁ ደወልኩላት።

«መኪናዋ ታከመች ወይ?» አለች ብርቄ።

«ታክማለች። ስሚኝ፣ ማክሰኞ ጥቅምት እንዳትይ። እኔም ቃሌን አስተካክላለሁ፤ ተሳስቼ ነበር እላለሁ። ያኔ ያልሽውን ድገሚው።»

«ምን ብዬ ነበር?»

«ወሩን አላውቅም ብለሽ ነበር።»

ሳቀች። «ደግሞ ልትቀልጂብኝ ነው? ልጆቼ እንኳ ጥቅምትን በቃላቸው ይዘውታል። ጥቅምት ነው የገባነው፣ መንገዱ ደርቆ፣ አቧራው እያስነጠሰን።»

«ብርቄ፣ ወንዙ ሞልቶ ነበር እኮ።»



«የቱ ወንዝ?» አለችኝ።