አባ ሣርና በካልሲ የሚሄደው ጀርመን

አባ ሣር በሕይወቱ አንድ ጎል አግብቶ አያውቅም። ኳስ የመታውም አንዴ ነው፤ እሱም በንዴት፣ አዲስ ዘር የዘራበት ቦታ ላይ እየተንከባለለች ስትመጣበት። እንዲያም ሆኖ ክለቡ በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ ካሸነፋቸው ጨዋታዎች ቢያንስ ዘጠኙን ያሸነፈው አባ ሣር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዘጠኝ የተባለው ራሱ ያመነው ነው። ያላመነውን እሱና ሚስቱ ይወቁት።

ሥራው የሜዳ ጥበቃ ነው። ሣሩን ያጭዳል፣ ያጠጣል፣ መስመሩን በኖራ ያሰምራል፣ መረብ ይጠግናል። የሚኖረው ከተመልካቹ መቀመጫ ሥር ባሉ ሁለት ክፍሎች ውስጥ ነው። የመኝታ ክፍሉ ጣሪያ የደረጃው ጀርባ ስለሆነ እየወረደ፣ እየወረደ ይሄድና ራስጌው ጋ ሲደርስ ጎንበስ ያላለ ሰው ግንባሩን ይዞ ይመለሳል። ጎል በገባ ቁጥር ጣሪያው ላይ ሺህ ሰው ስለሚዘል ከመደርደሪያው ላይ ብርጭቆ ይወርዳል። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የተጫዋቾቹን ቁጥር ማሊያው ላይ የምትሰፋውም እሷ ናት። ሁለት ሴት ልጆች ወልደው፣ አሳድገው፣ ድረው የሸኙት ከዚያው ከደረጃው ሥር ነው።

የአባ ሣር የሥራ ሚስጥር ውሃ ነው። እንግዳው ቡድን ፈጣን ልጅ ካለው፣ ያ ልጅ የሚሮጥበት ወገን ምን እንደነካው ሳይታወቅ ረጥቦ ያድራል። እንግዳው ቡድን ኳስ በመሬት እያንሸራሸረ የሚጫወት ከሆነ ደግሞ ማጨጃ ማሽኑ ለሁለት ሳምንት ይበላሽና ሣሩ እንደ ልቡ ያድጋል። ለምን ብሎ የጠየቀው አንድም ሰው አልነበረም። ጀርመኑ እስኪመጣ ድረስ ማለት ነው።

ጀርመኑ ቡድኑን ሊያሠለጥን የመጣው ስልሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው። ቁመቱ የበር መቃን የሚነካ፣ ሲቀመጥ ጉልበቱ የሚንቋቋ፣ ዘጠኝ አገር ዞሮ ዐሥራ ሦስት ክለብ ያሠለጠነና ከዐሥራ ሦስቱም የተባረረ ሰው ነበር። በአንድ ሻንጣ መጣ፤ ሻንጣውን ግን አላራገፈም። ሸሚዝ ሲፈልግ ከሻንጣው ያወጣል፣ ታጥቦ ሲመጣ አጥፎ እዚያው ይመልሳል። ተጫዋቾቹ በሳምንቱ «ሻንጣው» የሚል ስም አወጡለት። ክፍል ለቅቆ ለመውጣት ዐሥራ አንድ ደቂቃ እንደሚበቃው ራሱ ነው የተናገረው፤ በሰዓት ለክቶታል።

ይህ ሰው ጨዋታ ባለ ቀን ጠዋት ጫማውን አውልቆ ሜዳውን በካልሲ ዳር እስከ ዳር ይዞራል። ጫማ ሜዳውን ይደብቅብኛል ባይ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ዞሮ ሲጨርስ የዕቃ ቤቱን በር ከፍቶ ገባና ውሃ የሚንጠባጠብ ካልሲውን በአባ ሣር ጠረጴዛ ላይ አኖረው። ሌላው ወገን ደረቅ፣ ይኼኛው ወገን ባሕር የሆነው በምን ምክንያት ነው ብሎ ጠየቀ። አባ ሣር ዓይኑን በጨው አጥቦ ቱቦ ፈንድቶ ነው አለ። ጀርመኑ ይኼ ስፖርት ሳይሆን ሌብነት ነው ብሎ ተቆጣ፤ ከኪሱ የብረት ማስመሪያ አውጥቶም ሰጠው። ከዛሬ ጀምሮ ሣሩ የትም ቦታ ሃያ አምስት ሚሊ ሜትር፣ ውሃውም የትም ቦታ እኩል እንዲሆን አዘዘ።

አባ ሣር ምን ይዋጠው፤ ታዘዘ። ሁለት ወር ሙሉ በማስመሪያ እየለካ በሐቅ ሠራ፣ ቡድኑም በሐቅ አራት ጨዋታ ተከታትሎ ተሸነፈ። አምስተኛው ጨዋታ ባለበት ቅዳሜ ማለዳ ጀርመኑ ዕቃ ቤት ገብቶ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። ጉሮሮውን ጠራርጎ ጠየቀ።

«ቱቦው የሚፈነዳው በስንት ሰዓት ነው?»

ከዚያች ጠዋት ጀምሮ በመካከላቸው እርስዎ መባባል ቀረ። ጀርመኑ ቋንቋውን የለመደው ከአባ ሣር አፍ ስለነበር ሲደሰትም ሲናደድም የሚያወራው እንደ ሜዳ ጠባቂ ነው፤ ጋዜጠኞች ፊት ዳኛውን «አረም» ብሎ ተሳድቦ ተቀጥቷል። ምሳውን ከእነ አባ ሣር ጋር እየበላ፣ ባልዲው ላይ ተቀምጦ የተባረረባቸውን አገሮች አንድ በአንድ ያወጋቸው ነበር። አንዱ የክለብ ፕሬዚዳንት ያባረረው በልጁ ሠርግ ላይ ነው፤ ኬኩ ከተቆረሰ በኋላ ስለሆነ ግን አልተቀየመውም። ሌላው ያባረረው ስላሸነፈ ነው። ሰውየው የወንድሙን ልጅ ሊሾም ቡድኑ እስኪወድቅ ይጠብቅ ነበር፤ ቡድኑ አልወድቅ ሲለው ትዕግሥቱ አለቀ። አንድ ደሴት ላይ ደግሞ ክለቡ ፈርሶ ለእሱ መንገር ተረሳ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዐሥራ አራት ልጆች ይዞ ሲያሠለጥን ቆየ። ልጆቹ መፍረሱን ያውቃሉ፤ ግን አሳዘናቸውና በየቀኑ በሰዓታቸው ይመጡ ነበር። የአባ ሣር ሚስት ይህን የሰማች ቀን እየሳቀች ዓይኗን ጠረገች።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ፤ ጀርመኑም የአባ ሣርን ዘዴ ሁሉ አንድ ሳይቀር አወቀ። ከዚያ በበሩ ሥር ደብዳቤ ገባለትና ተባረረ። በዘጠኝ ደቂቃ ወጣ። ማስመሪያውን ለአባ ሣር ትቶለት ሄደ።

ከሰባት ዓመት በኋላ ቡድኑ ወደ ታች ሊግ የመውረድ አፋፍ ላይ ደረሰ። የክለቡ ቦርድ ተሰብስቦ ወሰነ፤ ቡድኑ ከወረደ ለሣር የሚባክን ውሃም ሆነ ሰው አይኖርም፣ ሜዳው ሰው ሠራሽ ሣር ይነጠፍበታል፣ ከደረጃው ሥር ያሉት ክፍሎችም ሱቅ ይሆናሉ ተባለ። የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ቡድኑ ገና ሳይወርድ ሜትር ይዞ መጣና መኝታ ቤቱን ይለካ ጀመር። የአባ ሣር ሚስት አፏ ውስጥ የያዘቻቸውን መርፌዎች አንድ በአንድ አውጥታ ጨርቅ ላይ ሰካች፤ ከዚያም አልጋው ይነሳልህ ወይስ እኛም አብረን እንለካ ስትል ጠየቀችው። ሰውየው ሲደነግጥ ግንባሩ ከጣሪያው ጋር ተጋጨ። ሲወጣ ግን የለካውን በወረቀት ጽፎ ነው የወጣው። አባ ሣር ማሽኑን እያጸዳ «ላስቲክ» ይላል፣ ይተፋል፣ እንደገና «ላስቲክ» ይላል።

ላለመውረድ የቀረው አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር፤ ያንን የግድ ማሸነፍ። እንግዳው ቡድን የሊጉ መሪ ነው፤ «ጥይቱ» የሚባል፣ ስሙን በእግሩ ያገኘ የክንፍ ተጫዋች አለው። አሠልጣኙ ደግሞ ሌላ ማንም አይደለም፣ ሻንጣው ራሱ ነው። ዞሮ ዞሮ እዚያው ሊግ ተመልሶ ነበር።

«በምን ልታታልለው ነው?» አለች ሚስቱ። «የምታውቀውን ሁሉ እዚህ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ተምሮታል።»

አባ ሣር ቀኑን ሙሉ ማጨጃውን እየገፋ አሰበበት። ጀርመኑ በካልሲ እንደሚዞር ያውቃል። እርጥብ ካገኘ ጥይቱን ወደ ደረቁ ወገን እንደሚያዞረውም ያውቃል። እንግዲያው ደረቁን ወገን ነው ማበጀት።

ማክሰኞ ማለዳ ከሜዳው ሁለት ወገኖች ዛፎች በተተከሉበት በኩል ያለውን የውሃ መውረጃ በወፍራም ብርድ ልብስ ወተፈና እስከ እኩለ ቀን አጠጣ። ረቡዕም ደገመው። ሐሙስና ዓርብ ፀሐይ ላዩን አደረቀለት፤ ሥሩ ግን የተቦካ ጭቃ ሆኖ ቀረ። ሚስቱ ብርድ ልብሷን ስትፈልግ ሁለት ቀን ላይ ታች አለች። ቅዳሜ ጠዋት ጀርመኑ ከመድረሱ በፊት ደግሞ ማዶውን፣ ትልቁ የሜዳ ሰዓት በተሰቀለበት በኩል ያለውን ወገን ላይ ላዩን አርከፈከፈው። አምበሉንም ጠርቶ ዛሬ በዛፎቹ በኩል ዝር እንዳትሉ፣ ለምን ብለህም እንዳትጠይቀኝ አለው።

አራት ሰዓት ላይ ጀርመኑ መጣ። ፀጉሩ ነጥቷል፣ ጉልበቱ ብሶበታል። ተቃቀፉ፤ ሚስቱን ጠየቀ፣ የልጆቹን ጤና ጠየቀ፣ ከዚያ ጫማውን አወለቀ። በዛፎቹ በኩል እየተራመደ ሄደ፣ ካልሲው አልረጠበም። በሰዓቱ በኩል ሲመለስ ቆመና ካልሲውን አየ።

«ቱቦው ፈነዳ?»

«ፈነዳ፣ ምን ላድርግ» አለ አባ ሣር።

ጀርመኑ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ትከሻውን አቅፎ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ምንም አልተማርክም ብሎት፣ አሁንም እየሳቀ ወደ መልበሻ ክፍል ሄደ።

ያ ሳቅ የፍቅር ሳቅ ነበርና አባ ሣር ሆዱ ባባ። ዕቃ ቤት ገብቶ ተቀመጠ፣ መቀመጥ ግን አቃተው። ሰውየው በልቶ ጠጥቶ የወጣበት ቤት እኮ ነው። ተነሥቶ እስከ እንግዶቹ መልበሻ ክፍል በር ሄደ። ከውስጥ ጀርመኑ ጥይቱን ሲያስረዳው ይሰማል፤ ከረፍት በፊት በቀኝ፣ ከረፍት በኋላ በግራ፣ ሁልጊዜ በዛፎቹ በኩል ይለዋል። አባ ሣር ሊያንኳኳ እጁን አነሣ። የሥራ አስኪያጁ ሜትር አልጋው ላይ ተዘርግቶ ታየው። እጁን መልሶ ኪሱ ከተተና ተመለሰ።

ጨዋታው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲጀመር የሰዓቱ ወገን ደርቆ ነበር። ጥይቱ በመጀመሪያው ሩጫ ታኬታው ሰምጦ ተንገዳገደ። በሦስተኛው አንድ እግር ታኬታው መሬት ውስጥ ቀረና ልጁ በካልሲ ኳስ እየገፋ ሄደ። ተመልካቹ ሳቀ፤ ጀርመኑ ግን አልሳቀም። ከረፍት በኋላ ከተቀያሪዎች ወንበር ተነሥቶ በሜዳው ዳር ወደ ዛፎቹ ዞረ፣ አንድ ጫማውን አወለቀ፣ ሣሩን በተረከዙ ተጫነው። በረገጠበት ቦታ ውሃ አቀረረ። ውሃውን ብዙ አየው፤ ቀጥሎ አባ ሣርን አየው። ጥይቱን ወዲያው ወደ ሌላው ወገን አዞረው፤ የልጁ እግር ግን አልቆ ነበር።

ሊያልቅ ዐሥር ደቂቃ ሲቀር አምበሉ በሰዓቱ በኩል ሾልኮ ገብቶ መታ። የአባ ሣር ሚስት ቤት ውስጥ ቁጥር ትሰፋ ነበር። ብርጭቆው ወድቆ ሲሰበር ማሽኗን አቆመች፤ ስብርባሪውንም ለመጥረግ አልተነሣችም፣ እያየችው ፈገግ ብላ ተቀመጠች።

አንድ ለዜሮ አለቀ። ላስቲክ ቀረ፣ ሱቅም ቀረ። የጀርመኑ ቡድን ከመሪነቱ ወረደና እሱም እሁድ ዕለት በስልክ ተባረረ። አባ ሣር ይህን ሲሰማ እህል አልወርድለት አለ፤ ቤቱን አትርፎ ወዳጁን አጥቷልና።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ጀርመኑ ሻንጣውን ይዞ በሩን አንኳኳ። ከፋቿ ሚስትየው ነበረች። ከጀርባዋ ገመድ ላይ የተሰጣ፣ ሁለቴ ታጥቦ ጭቃው ያልለቀቀ ብርድ ልብስ ነበር። ጀርመኑ ብርድ ልብሱን አየ፣ መውረጃውን አሰበ፣ ጣቱን ቀሰረ።

«ስንት ቀን?»

«አራት» አለ አባ ሣር አንገቱን ደፍቶ። «ሁለት ውሃ፣ ሁለት ፀሐይ። ይቅር በለኝ።»

ጀርመኑ ባልዲውን ገልብጦ ተቀመጠ።

«ዐሥራ ሰባት ጊዜ ተባርሬያለሁ» አለ። «ሥራውን በሚያውቅ ሰው ስባረር ግን ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።»

ከዚያ ምሳ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ነበር። ሲሄድ አባ ሣር ማስመሪያውን መለሰለት፤ ሻንጣው ውስጥ ከሸሚዞቹ ጎን አስቀመጠው።

በአምስተኛው ወር ስልክ ተደወለ። ጀርመኑ ሌላ አገር ገብቶ ነበር፤ ድምፁ ከሩቅ ይመጣል። ቡድኑ በደህና እንደሚገኝ፣ ሻንጣውን አሁንም እንዳላራገፈ ነገረው። አንድ ችግር ብቻ ነው ያለው አለ፤ ሜዳው ላስቲክ ነው። አይጠጣም፣ አይበቅልም፣ አይታጨድም። ቅዳሜ ደግሞ ፈጣን ልጅ ያለው ቡድን ይመጣበታል።

 የአባ ሣር ሚስት ማሽኗን አቁማ ፊቱን ታያለች፤ ይተፋል ብላ ነበር፣ አልተፋም።

«ከሥሩ ምንድን ነው ያለው?» አለ።

ጀርመኑ ከሥሩ ያለውን እንደማያውቅ ተናገረ።

«እንግዲያው ጫማህን አውልቅ።»