በጃንሆይ ጊዜ የሰለጠኑት የአዳዳ ጫልቱ ወታደሮች

ዛሬ ነቀምቴ የአባቴ እህት አዳዳ ጫልቱ ሐኪም ረታች።

ሲሬ ከተማ ሄዳ የልጅ ልጇን ሰርግ ልትመርቅ ተነስታለች። ጉንፋን ስለበዛ ሐኪም ይከልክልልን ብለን ወሰድናት።

«እማማ፣ ደረት ውስጥ ታይመስ የሚባል እጢ አለ። የሰውነትን ወታደሮች የሚያሰለጥነው እሱ ነው። በእርስዎ ዕድሜ ግን ሟሽሾ ስብ ሆኗል» አላት።

«መቼ ነው ያሰለጠናቸው?»

«በልጅነትዎ።»

«በጃንሆይ ጊዜ ነዋ። ኩፍኝ መንደሩን ሲፈጅ እኔን አተረፉኝ። አንተ ጡረታ አወጣሃቸው፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ?»

«አሁንም አሉ፤ ግን ጥቂት ናቸው። ጉንፋን ከያዘው ሰው ይራቁ።»

«እሱ ይራቀኝ። መራቂዋ እኔ ነኝ።»

ሐኪሙም «ይሂዱ» አላት። ለከልካይ የከፈልነው እኛ ነን።

ይህን የምጽፈው ሲሬ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ነው። ጋቢና የተቀመጠችው እሷ ናት።

ከእናንተ መሀል አሮጊት ከሰርግ ያስቀረ አለ? እንዴት አድርጋችሁ?